“ማሳያ”፦ የአንድ ብርቅ የጣሊያን ቤተሰብ ስም ታሪክና ለእኛ ቤተሰቦች የሚሰጠው ትምህርት



“ስምን መልአክ ያወጣዋል” ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አባባል ለልጅ ለሚወጣ ስም የተነገረ ነው። የቤተሰብ ስምን ግን የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ መልአክ ሳይሆን ጸሐፊ ነው። በውጭ አገር የምንኖር ሁሉ ይህን እናውቀዋለን። የመኖሪያ ፈቃድ ስንጠይቅ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ስናስመዘግብ፣ ባንክ ሒሳብ ስንከፍት፣ ከፊታችን የሚቀርበው ቅጽ “የቤተሰብ ስም” የሚል ባዶ ቦታ አለው። እኛ ደግሞ የራሳችን ስም፣ የአባታችን ስምና የአያታችን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ይዘን አልመጣንም። ባዶ ቦታው ግን መሞላት አለበት፤ ስለዚህ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላበታል። በዚያች ቅጽበት የተጻፈው ስም ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ የአንድ የጣሊያን ቤተሰብ ስም ታሪክ እናያለን። ስሙ “ማሳያ” ይባላል። በጣሊያን አገር ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ የሚጠሩበት ብርቅ ስም ነው። በአገራችን ታሪክ ግን የታወቀ ነው፤ “አባ ማስያስ” የሚባሉት ካቶሊካዊ ጳጳስ የተወለዱት በዚህ ስም ነውና። በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ “ማሳያ” ከሚለው የራሳችን ቃል ጋር አንድ መሆኑ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው፤ ሆኖም የቤተሰብ ስም እንዴት እንደሚወለድ፣ እንዴት እንደሚለወጥና እንዴት እንደሚጠፋ በእርግጥም ጥሩ ማሳያ ሆኖ እናገኘዋለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ “ዓ.ም.” ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጣሊያኖችም እንደ እኛ ነበሩ

ብዙዎቻችን የቤተሰብ ስም ለአውሮፓውያን ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የጥንት ሮማውያን ባለ ሦስት ክፍል ስም ነበራቸው፤ የሮም መንግሥት ከወደቀ በኋላ ግን ይህ ልማድ ጠፍቶ፣ በጣሊያን ምድር ለብዙ መቶ ዓመታት ሰው የሚጠራው በአንድ ስም ብቻ ነበር። ሁለት ጴጥሮሶችን መለየት ሲያስፈልግ ውል ጸሐፊው “የዮሐንስ ልጅ ጴጥሮስ” ብሎ ይጽፍ ነበር። ይህ እኛ እስከ ዛሬ የምንሠራበት የአጠራር ሥርዓት ነው። ለምሳሌ “ዲ ፒየትሮ” የሚለው የጣሊያን ቤተሰብ ስም ትርጉሙ “የጴጥሮስ” ማለት ነው፤ በአንድ ወቅት የአባት ስም ሆኖ የተጻፈው በዚያው ደርቆ ቀረ ማለት ነው።

የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ ቀድሞ የጀመረው በቬኒስ ባላባቶች ዘንድ ነው፤ ከዚያም በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሌሎቹ ከተሞች ተስፋፋ። ባላገሩ ዘንድ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በ1563 የተፈጸመው የትሬንት ጉባኤ እያንዳንዱ የቁምስና ካህን የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ እንዲይዝ አዘዘ። ካህኑ የአያቱንም፣ የአባቱንም፣ የልጁንም ስም በተከታታይ መዝገብ ሲጽፍ፣ ቤተሰቡ በአንድ ስም መታወቁ ግድ ሆነ። ጣሊያን አንድ መንግሥት ከሆነች በኋላ ደግሞ ከጥር 1 ቀን 1866 ጀምሮ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላው አገር በማዘጋጃ ቤት መካሄድ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ስም ያለ መንግሥት ፈቃድ የማይለወጥ ሆነ።

የጣሊያንን የቤተሰብ ስሞች ያጠኑ ሊቃውንት በአራት ይከፍሏቸዋል። አንደኛው ከአባት ስም የመጣ ነው፤ “ዲ ፒየትሮ”ን አይተናል። ሁለተኛው ከቦታ የመጣ ነው፤ “ሮማኖ” ሮማዊ፣ “ጄኖቬዜ” የጄኖቫ ሰው ማለት ነው። ሦስተኛው ከመልክ ወይም ከጠባይ የወጣ ቅጽል ስም ነው፤ በጣሊያን በብዛት አንደኛ የሆነው “ሮሲ” እና በደቡቡ የሚበዛው “ሩሶ” ሁለቱም “ቀይ” ማለት ናቸው፤ ጠጉሩ ወይም መልኩ ወደ ቀይ ያዘነበለ አያት ነበራቸው ማለት ነው። አራተኛው ከሥራ የመጣ ነው፤ “ፌራሪ”፣ “ፌሬሮ” እና “ፋብሪ” ሦስቱም ቀጥቃጭ ከሚለው ቃል የወጡ ናቸው።

ከእነዚህ ሌላ የሚያሳዝን ታሪክ ያላቸው ስሞችም አሉ። ወላጆቹ ጥለውት በሕፃናት ማሳደጊያ በር ላይ የተገኘ ልጅ የአባት ስም ስለሌለው ማሳደጊያው ስም ይሰጠው ነበር። በኔፕልስ “ኤስፖዚቶ”፣ ማለትም “የተጣለ”፣ በፍሎረንስ “ኢኖቼንቲ”፣ ማለትም “ንጹሐን”፣ በሚላኖ ደግሞ ከሆስፒታሉ ዓርማ ከርግቧ የተነሣ “ኮሎምቦ” የተባሉ ብዙ ናቸው። ዛሬ እነዚህ ስሞች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የሚጠሩባቸው የተከበሩ ስሞች ሆነዋል።

“ማሳያ” ማለት ምን ማለት ነው?

“ማሳያ” ከአራተኛው ክፍል፣ ከሥራ ከመጡት ስሞች ወገን ነው። ሥሩ “ማሳ” የሚል የላቲን ቃል ነው። ቃሉ በመጀመሪያ ሊጥን ወይም ክምርን የሚያመለክት ሲሆን፣ በኋለኛው የላቲን ዘመን ግን በአንድ ጌታ ሥር ያሉ የብዙ እርሻዎች ስብስብ ማለት ሆነ። አንባቢ እዚህ ላይ “ይህማ የእኛው ማሳ ነው!” ማለቱ አይቀርም። የድምፁም የትርጉሙም መመሳሰል በእርግጥ ያስደንቃል፤ ነገር ግን የአማርኛው ማሳ ከላቲን የተወሰደ አይደለም፤ ሁለቱ ቃላት በየራሳቸው መንገድ መጥተው የተገናኙ ናቸው።

ይህን የእርሻ ስብስብ በጌታው ስም የሚያስተዳድረው ሰው “ማሳሮ” ወይም “ማሳዮ” ይባል ነበር። እንደ ቦታውና እንደ ዘመኑ ሹመቱ ይለያያል። በአንዳንድ የሰሜን ጣሊያን ከተሞች የከተማውን ገንዘብ የሚይዝ ሹም፣ በእኛ አነጋገር በጅሮንድ ነበረ። በገጠሩ ግን የሰው መሬት ይዞ የሚያርስና ከምርቱ ለጌታው የሚያካፍል ገበሬም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ስለዚህ አንድ ስም ከበጅሮንድ እስከ እኩል አራሽ ድረስ ሸፍኖ ይገኛል። “የቤተሰቤ ስም ሹመትን ያመለክታል” ብሎ የሚኮራም ሆነ “አያቴ ጢሰኛ ነበር” ብሎ የሚሸማቀቅ፣ ሁለቱም ከቃሉ ብቻ ተነሥተው መፍረድ አይችሉም።

ከዚህ አንድ ሥር ብዙ የቤተሰብ ስሞች ወጥተዋል፤ “ማሳሮ”፣ “ማሳሪ”፣ “ማሳራ”፣ “ማሳይ”፣ በፒየሞንቴ ደግሞ “ማሶዌሮ” ይገኛሉ። “ማሳሮ” በብዙ ክፍላተ ሀገር የተበተነ ስም ነው፤ ምክንያቱም ማሳሮ የሌለበት ርስት ስላልነበረ ስሙ በየቦታው እንደ አዲስ ተወልዷል። “ማሳያ” ግን በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን በፒየሞንቴ፣ በተለይም በአስቲ ከተማ ዙሪያ ካሉ ኮረብቶች ጋር የተያያዘ ስም ነው። በዛሬው ጣሊያንኛ ይኸው ቃል በተራ አነጋገር የቤት እመቤት፣ ቤቷን በወግ የምታስተዳድር ሴት ማለት ነው። ሥራው ከእርሻ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ ማስተዳደር የሚለው ፍሬ ነገር አልጠፋም።

ስሙን የተዉት ሰው

በአስቲ አውራጃ ፒዮቫ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ሎሬንዞ ማሳያ በዚች መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ሰኔ 8 ቀን 1809 ተወለዱ። በ1826 ወደ ካፑቺን ገዳም ሲገቡ በማኅበሩ ሥርዓት መሠረት የዓለም ስማቸውን ትተው “ጉልየልሞ” ተባሉ። የካፑቺን መነኩሴ በቤተሰቡ ስም ሳይሆን በትውልድ ቦታው ስለሚጠራ ሙሉ መጠሪያቸው “የፒዮቫው ጉልየልሞ” ሆነ። የእኛም መነኮሳት የዓለም ስማቸውን ትተው በምንኩስና ስም እንደሚጠሩ ስለምናውቅ ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

በ1846 ሮም ለኦሮሞ አገር ሐዋርያዊ እንደራሴ አድርጋ ጳጳስነት ሾማቸው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ምፅዋ ደረሱ። ይሁን እንጂ ወደ ተላኩበት አገር ለመግባት ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። በሰሜን በኩል መንገዱ ስለተዘጋባቸው ወደ አውሮፓ ተመልሰው፣ በግብፅና በሱዳን አድርገው፣ “ጆርጆ ባርቶሬሊ” የሚባል ነጋዴ መስለው ተጓዙና በ1852 ጉድሩ ገቡ። እንግዲህ ሎሬንዞ ማሳያ፣ የፒዮቫው ጉልየልሞ፣ ጆርጆ ባርቶሬሊ፤ አንድ ሰው እስከዚህ ድረስ ሦስት ስም ይዞ ነበር። አራተኛውን ያወጣላቸው የእኛ አገር ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ በጉድሩ፣ በእናርያ፣ በሊሙና በከፋ ሠሩ፤ ከ1859 እስከ 1861 በከፋ ቆይተው ከዚያ ተባረሩ። ወደ አውሮፓ በተመለሱበት ጊዜ ለሚስዮናውያን የሚሆን የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው አዘጋጅተው በ1867 ፓሪስ ላይ አሳተሙ። በ1868 ሸዋ ሲገቡ ንጉሥ ምኒልክ ተቀበሏቸው፤ በፊንፊኔም ቦታ ሰጧቸው። ፈንጣጣ በሚነሣበት ጊዜ ብዙ ሕዝብ ስለከተቡ “የፈንጣጣ አባት” የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው። በ1879 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። በ1884 ካርዲናል ሆኑ፤ በአገራችን ያሳለፉትን 35 ዓመት የሚተርክ 12 ቅጽ መጽሐፍ ጻፉ፤ ነሐሴ 6 ቀን 1889 በኔፕልስ አጠገብ አረፉ። መቃብራቸው ከሮም አጠገብ በፍራስካቲ ከተማ ይገኛል።

ስለ ሃይማኖት ሥራቸው በየወገኑ የተለያየ አስተያየት እንዳለ ይታወቃል፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እርሱን መመርመር አይደለም። እኛ የምንከተለው ስማቸውን ነው።

ማሳያ ማስያስ ሲሆን

አንድ ስም ከአገሩ ወጥቶ ሲሄድ የሚደርስበትን ነገር በዚህ ስም ላይ ማየት ይቻላል። የጣሊያኑ “ማሳያ” በአገራችን ሰው አንደበት “ማስያስ” ሆነ፤ “አባ ማስያስ”፣ “አቡነ መስያስ” ተባለ። ይህ አጠራር ለአገራችን ጆሮ የሚስማማ ነው፤ ኤልያስ፣ ማትያስ፣ ኤርምያስ፣ ዘካርያስ እያለ ያደገ ሰው “ማስያስ” ሲል ስሙ ከመጽሐፍ የወጣ ይመስለዋል። ስሙ በዚህ ዓይነት ኢትዮጵያዊ ከሆነ በኋላ ወደ ጣሊያን ተመልሶ ሄዷል፤ በ1939 ስለ እሳቸው ሕይወት በጣሊያን የተሠራው ፊልም ርእሱ “አቡነ መስያስ” ነበር።

በጣሊያንም ቢሆን ስሙ በሁለት መልክ ይጻፋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጣሊያኖች በሁለት አናባቢ መካከል “የ”ን የሚጽፉት “ረጅሙ ኢ” በሚሉት ፊደል ነበር፤ በመጽሐፋቸው ላይ ስማቸው የታተመው በዚሁ ፊደል ነው። በኋላ ያ ፊደል ከተለመደው ጽሕፈት ሲወጣ ስሙ በተራው “ኢ” መጻፍ ጀመረ። በመሆኑም በአንድ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ በአንዱ የሚፈልግ ሰው በሌላው የተመዘገበውን ሊያጣ ይችላል። በእኛ ፊደል ሁለቱም ያው “ማሳያ” ናቸው። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ብትሆንም በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ላይ አንዲት ፊደል አንድን ቤተሰብ ሁለት ልታደርግ ትችላለች።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። እኚህ ሰው መነኩሴ በመሆናቸው የቤተሰባቸውን ስም ትተው በመንደራቸው ስም ተጠሩ። በ1940 ደግሞ መንደሪቱ ራሷ ስሟን ለውጣ “ፒዮቫ ማሳያ” ተባለች። ሰውየው የመንደሯን ስም ወሰዱ፤ መንደሯ የሰውየውን ስም ወሰደች። በአስቲ ከተማ ዋናው ሆስፒታል “ካርዲናል ማሳያ” ይባላል፤ በሮምም በስማቸው የተሰየመ መንገድ አለ። ስለዚህ በሕዝብ መዝገብ ብርቅ የሆነው ስም በካርታና በሕንፃ ላይ ዘወትር የሚነበብ ሆኗል።

ብርቅ ስም ለምን ብርቅ ይሆናል?

ጣሊያን በቤተሰብ ስም ብዛት በዓለም ከታወቁት አገሮች አንዷ ናት፤ ስሞቿ ከሦስት መቶ ሺህ በላይ እንደሆኑ ይገመታል። የስሞችን ብዛትና ሥርጭት በዘዴ ለማጥናት ትልቅ ሥራ ከሠሩት አንዱ የቋንቋ ሊቁ ኤሚድዮ ዴ ፌሊቼ ናቸው። በ1978 ባሳተሙት የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት የስልክ ደንበኞችን ዝርዝር መሠረት አድርገው ሠርተዋል። ዘዴው ቀላል ነው፤ አንድ ስም በየትኛው ከተማ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ይቈጠራል፤ ከዚያ በካርታ ላይ ይሰፍራል። ጉድለትም አለው። ስልክ የሚመዘገበው በአብዛኛው በአባወራው ስም ስለነበረ በአንድ ቤት ያሉ አምስት ሰዎች አንድ ሆነው ይቈጠራሉ፤ ያገቡ ሴቶችም ከቁጥሩ ይቀራሉ። ለ“ሮሲ” ይህ ብዙ ለውጥ አያመጣም። በጥቂት ቤቶች ብቻ ለሚገኝ ስም ግን አንድ ቤት መቅረቱ ትልቅ ጉድለት ነው።

ስም ብርቅ የሚሆንበት የመጀመሪያው ምክንያት ከአንድ ቦታ ብቻ መነሣቱ ነው። ቀይ ሰው በየመንደሩ ስላለ “ሮሲ” በብዙ መቶ ቦታ ለየብቻ ተወለደ፤ ስለዚህ ሁለት ሮሲዎች ሲገናኙ ዘመድ የመሆናቸው ዕድል ትንሽ ነው። በአንድ ወረዳ ብቻ የተወለደ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ግን ዝምድና ሊኖራቸው ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ቅድም ያየነው የአጻጻፍ መለያየት ነው። ሦስተኛው ስደት ነው፤ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሚሊዮኖች ወደ አሜሪካ፣ ወደ አርጀንቲናና ወደ ብራዚል ሲሄዱ ብዙ ስሞች በእንግዳ አጻጻፍ ተለውጠዋል።

አራተኛው ምክንያት ወንድ ልጅ አለመወለድ ነው። ይህን ጉዳይ እንግሊዛውያኑ ፍራንሲስ ጎልተንና ሄንሪ ዋትሰን በ1874 ባወጡት ጽሑፍ በሒሳብ መርምረውታል። ነገሩን በቀላል ምሳሌ እናስረዳ። እያንዳንዳቸው አንድ ወንድ ብቻ ያላቸው 100 የቤተሰብ ስሞች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ሰው ወንድ ልጅ ያለመውለድ ዕድሉ ከአራት አንድ፣ አንድ ወንድ ልጅ የመውለድ ዕድሉ ከአራት ሁለት፣ ሁለት ወንዶች የመውለድ ዕድሉ ከአራት አንድ ይሁን። በአማካይ አንድ አባት አንድ ወንድ ልጅ ስለሚተካ የሕዝቡ ቁጥር አይቀንስም። ስሞቹ ግን ይቀንሳሉ። ከአንድ ትውልድ በኋላ 25ቱ፣ ከሁለት ትውልድ በኋላ 39 ያህሉ፣ ከሦስት ትውልድ በኋላ 48 ያህሉ ጠፍተዋል። ማንም ሳይገደል፣ ማንም ሳይሰደድ፣ በልጅ ልጅ ልጅ ዘመን ግማሽ ያህሉ ስም የለም።

እንዲህ የሚሆነው ስም የሚያወርሰው አባት ብቻ ሲሆን ነው። በጣሊያን ይህ ልማድ ለረጅም ዘመን ጸንቶ ቆይቶ፣ የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2022 በሰጠው ውሳኔ ተለውጧል። አሁን የሚወለድ ልጅ የአባቱንም የእናቱንም የቤተሰብ ስም ይይዛል፤ ወላጆቹ ከተስማሙም ከሁለቱ አንዱን ብቻ መስጠት ይችላሉ። ሴቶች ልጆች ብቻ ላሉት ብርቅ ስም ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ስም የተከለከሉ ልጆች

የጣሊያን ቤተሰብ ስም በእኛ አካባቢ ሲነሣ መታለፍ የሌለበት አንድ ታሪክ አለ። በኤርትራ፣ በሶማሊያና ከወረራው በኋላም በኢትዮጵያ ከጣሊያናዊ አባትና ከአገር ተወላጅ እናት የተወለዱ ብዙ ልጆች ነበሩ። የፋሺስት መንግሥት ግንቦት 13 ቀን 1940 ባወጣው ቁጥር 822 ሕግ ጣሊያናዊ አባት እንዲህ ያለውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበልና ስሙን እንዳይሰጠው ከለከለ፤ የማሳደጉንም ሸክም ሁሉ በእናቲቱ ላይ ጣለ። በዚያው በ1940 ነው ፒዮቫ የምትባለው መንደር በኢትዮጵያ ለኖሩት ሰው ክብር ስሟን የለወጠችው። አንድ መንግሥት በአንድ ዓመት ውስጥ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተያያዘን ስም በመንደር ላይ ሲጽፍ፣ በኢትዮጵያውያት እናቶች ልጆች ላይ ደግሞ የአባታቸው ስም እንዳይጻፍ ከለከለ ማለት ነው።

ሕጉ ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ተሽሯል። ነገር ግን በልጅነቱ ያልተጻፈ ስም በኋላ ለማስጻፍ አባት መገኘት፣ ምስክር መገኘት፣ ወረቀት መገኘት ነበረበት። ብዙዎቹ በእናታቸው አባት ስም አደጉ፤ ያ ስም አሳድጓቸዋል፣ አክብሯቸዋልም። የአባታቸውን ወገን ለመፈለግ ለተነሡት ግን በእጃቸው ያለው ብዙውን ጊዜ በጆሮ የተሰማና በአማርኛ ወይም በትግርኛ ፊደል የተጻፈ አንድ የቤተሰብ ስም ብቻ ነበር። ስሙ እንደ “ሮሲ” የበዛ ከሆነ ፍለጋው ውቅያኖስ ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው። ስሙ ብርቅ ከሆነ ግን አንድ ወረዳን፣ አንዳንዴም አንዲት መንደርን ያመለክታል። የስም ሥርጭት ጥናት ለሊቃውንት ጨዋታ ብቻ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለእኛ ቤተሰቦች

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። በተግባር ግን ሕዝባችን የኖረው በራስ፣ በአባትና በአያት ስም ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ በጣሊያን ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስከ 1866 ቀስ በቀስ የተፈጸመው ነገር በእኛ በውጭ አገር ነዋሪዎች ላይ በአንድ ትውልድ፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን ይፈጸማል።

ለአብነት ያህል፣ ከ1984 ጀምሮ ወደ እስራኤል የገቡ ወገኖቻችን ሲመዘገቡ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጽፎላቸዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያለውም ሁኔታ ተመሳሳይ ነው። በዐረብ አገሮች ስምን ከአባትና ከአያት ጋር መጻፍ የተለመደ ስለሆነ ችግሩ ይቀላል። ከዚህ የተነሣ የአንድ እናትና አባት ልጆች በሦስት አገር ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ይገኛሉ፤ አንዱ በአባቱ፣ ሌላዋ በአያቷ፣ ሦስተኛው በራሱ ስም ተመዝግቦ። አንድ ስም እንኳ ቢይዙ አጻጻፉ ይለያያል፤ “ፀ”ን አንዱ በ“ቲ”፣ አንዱ በ“ቲ” እና “ኤስ”፣ አንዱ በ“ኤስ” ብቻ ይጽፈዋል። ውርስ ሲመጣ፣ ወይም ወንድም እህቱን ለማስመጣት ሲያመለክት፣ “ወንድምና እህት መሆናችሁን አስረዱ” የሚል ጥያቄ ይቀርባል። ያን ጊዜ የፊደል ጉዳይ የፊደል ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

ከ“ማሳያ” ታሪክ ተነሥተን ለየቤተሰቡ ሦስት ነገር ማሳሰብ እንወዳለን።

አንደኛ፣ ልጅ ከመወለዱ በፊት ወላጆች ተመካክረው የቤተሰብ ስም የሚሆነውን ይወስኑ፤ የአያትም ይሁን የቅድመ አያት፣ ለሁሉም ልጆች አንድ ይሁን። በሌላ አገር ያሉ ወንድሞችና እህቶችም ቢስማሙበት ለልጅ ልጆች ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ ስሙ በላቲን ፊደል የሚጻፍበት አንድ አጻጻፍ ተወስኖ በሁሉም ሰነድ ላይ ያው ይሁን። ከጎኑ በእኛ ፊደል መጻፉ አይቅር። በላቲን ፊደል ብቻ የቀረ ስም ከሁለት ትውልድ በኋላ አነባበቡም ትርጉሙም ይጠፋል። “ኃይሉ” ኃይልን፣ “ተስፋዬ” ተስፋን የሚናገሩት ለሚያነባቸው ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ የዘር ሐረጋችሁን ጻፉ። አያቶቻችን ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቈጥሩ የነበረው ወረቀት ሳይዙ በቃላቸው ነው። የእኛ ልጆች ያን ያህል በቃል ይይዛሉ ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ ከነትውልድ ቦታው፣ ከነእናቶች ስም ጭምር፣ በአንድ ደብተር ይጻፍ። የእናቶችን ስም አትዝለሉ፤ ከላይ በሒሳቡ እንዳየነው በአባት መሥመር ብቻ የተንጠለጠለ ስም ቶሎ ይበጠሳል። አባታቸው በሕግ የተከለከሉት ልጆችም የቆሙት በእናታቸው ወገን ስም ነው።

በፒየሞንቴ ኮረብታ ላይ የሰው መሬት ያስተዳድር ወይም ያርስ የነበረው ሰው፣ በሥራው የተጠራበት ስም ሆስፒታል ላይ ይጻፋል፣ ሸዋ ድረስ ሄዶም “ማስያስ” ይባላል ብሎ አላሰበም። እኛም ዛሬ በአንድ ቅጽ ላይ የምንጽፈው ስም ወዴት እንደሚደርስ አናውቅም። ቢያንስ አስበንበት፣ ተመካክረንበትና አስተካክለን እንጻፈው።